ስለ ኮራል ገንዳ መሣሪያዎች አሰያየም

1. መነሻ

አንድ ተርጓሚ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመለሰውን መመሪያ እንዲያርምለት ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሰጥቶት ነበር። መመሪያው ኮራልንና የባሕር ዓሣን በመኖሪያ ቤት፣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ስለ ማኖር የሚያስረዳ ነው። የአማርኛው ሰዋስው የሚነቀፍ አልነበረም። ይሁን እንጂ «ማጣራት» የሚለው አንድ ቃል አራት የተለያዩ ተግባሮችን እንዲሸከም ተደርጓል። አንባቢው መመሪያውን ቃል በቃል ቢከተል ገንዘቡን ከማባከኑም በላይ ፍጥረታቱን ይገድላቸዋል። ስለዚህ ጉዳዩ የአነጋገር ውበት ሳይሆን የጽንሰ ሐሳብ ልየታ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የገንዳው አሠራር ከስያሜው ጋር ጎን ለጎን ይቀርባል።

2. «ገንዳ» እና «ባሕር»

«አኳሪየም» የሚለው ቃል በላቲን ከብት ውሃ የሚጠጣበትን ስፍራ ያመለክት ነበር። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ እ.ኤ.አ. በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ በዛሬው ትርጉሙ እንዲስፋፋ አደረገው። የአማርኛው «ገንዳ» በበኩሉ ከግንድ የተፈለፈለ ወይም ከድንጋይ የተሠራ የከብት ማጠጫ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ በአንድ መንገድ ሊሄዱ ስለሚችሉ፣ «ገንዳ» እያለን ባዕድ ቃል የምንሻበት ምክንያት የለም።

«የባሕር ገንዳ» የሚለው ግን ያሳስታል። በአማርኛ «ባሕር» ሐይቅንም ይጨምራል፤ የባሕር ዳር ከተማ የተቆረቆረችው ጨው በሌለው በጣና ሐይቅ ዳርቻ መሆኑ ለዚህ ምስክር ነው። ስለዚህ ለጠቅላላው «የጨዋማ ውሃ ገንዳ»፣ ኮራል ለሚኖርበት ደግሞ «የኮራል ገንዳ» ማለት ይሻላል።

3. ኮራልና ካብ

ኮራልን «ዛጎል» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ዛጎል የሞተ ፍጥረት ቅርፊት ነው፤ ኮራል ግን ሕያው እንስሳ ነው። ድንጋያማ አፅሙን ከካልሲየም ካርቦኔት ይሠራል፤ ከዝርያዎቹም ብዙዎቹ በሥጋቸው ውስጥ የሚኖሩት ደቃቅ ዋቅላሚዎች በብርሃን አማካይነት ከሚያዘጋጁት ምግብ ይካፈላሉ። አንባቢው «ዛጎል» ቢባል መብራቱን እንደ ጌጥ ቆጥሮ ያጠፋዋል። የዐረብኛው «መርጃን» ወደ ጌጥ ድንጋይነት ያደላል። ስለዚህ «ኮራል» እንዳለ ቢወሰድ ይመረጣል።

ኮራሎች ትውልድ በትውልድ ላይ እየደረቡ የሚያቆሙትን፣ በእንግሊዝኛ «ሪፍ» የሚባለውን ግንብ «ካብ» ማለት ይቻላል። ገበሬው ድንጋይን በድንጋይ ላይ ደርቦ የሚሠራው ካብ ነው፤ የገንዳው ባለቤትም የሚያደርገው ድንጋይ መካብ ነው።

4. በ«ማጣራት» ሥር የተሰወሩ አራት ተግባሮች

ሀ) የምግብ ትራፊንና ሌላ ደቃቅ ጥራጊን በስፖንጅ ወይም በጨርቅ ማስቀረት። ይህ በጓዳችን «ማጥለል» የሚባለው ነው፤ መሣሪያውም «ማጥለያ» ይባል። ማጥለያው በወቅቱ ካልታጠበ የያዘው ጥራጊ እዚያው ይበሰብሳል።

ለ) በእንግሊዝኛ «ፕሮቲን ስኪመር» የተባለው መሣሪያ ሥራ። መሣሪያው በቀጭን ቱቦ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የአየር አረፋ ያመነጫል። በውሃው የሟሙ ተረፈ ሕይወታዊ ቁሶች በአረፋው ገጽ ላይ ተጣብቀው ወደ ላይኛው ጽዋ ይወጣሉ፤ ከዚያም ይደፋሉ። ቅቤ ሲነጠር ወይም ሥጋ ሲቀቀል አረፋውን «እንገፋለን» ሳይሆን «እንገፍፋለን» እንላለንና ስሙ «አረፋ ገፋፊ» ቢሆን ይስማማል። «ፕሮቲን ገፋፊ» ማለት ግን አይገባም፤ መሣሪያው የሚያስወግደው ፕሮቲንን ብቻ አይደለም። ጀርመኖችም «አብሾይመር» ሲሉ ስሙን ከአረፋው ነው ያወጡት።

ሐ) የቧንቧ ውሃ ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት በግፊት በስስ ክርታስ መሰል ግርዶሽ አሳልፎ የሟሙትን ጨዎች፣ ፎስፌትና ናይትሬት ማስቀረት። «የተጣራ ውሃ» ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ዝቃጩ የወረደለትን ወይም የፈላውን ውሃ ነው። የፈላ ውሃ ግን በውስጡ የሟሙት ጨዎች አይለቁትም። ቅቤ ተነጥሮ ከባዕድ ነገር እንደሚለይ ሁሉ ይህም «ንጥር ውሃ» ቢባል ልዩነቱ ይታወቃል።

መ) የባክቴሪያዎች ሥራ። ከዓሣው ኩስና ከምግብ ትራፊ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ አንዳንዶቹ ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ከውሃው የሚወጣ ነገር ስለሌለ «ማጣራት» ከሁሉ ይልቅ የማይስማማው ለዚህ ነው። «ማብላላት» ይሻል ይመስላል፤ የነገሩ ጠባይ ከውስጥ መለወጡን ያመለክታልና። ይህን የሚቃወም ሰው፣ መብላላት ያለ ኦክሲጅን የሚካሄደውን የጠላና የጠጅ ለውጥ ያስታውሳል፣ እነዚህ ባክቴሪያዎች ግን ኦክሲጅን ይሻሉ ቢል ተቃውሞው ተገቢ ነው። ለጊዜው ከዚህ የተሻለ ቃል ስላልተገኘ ለውይይት ቀርቧል።

5. የእርሾ ድንጋይ

«ላይቭ ሮክ» የሚባለው ከባሕር የተገኘ፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ባክቴሪያዎችና ጥቃቅን እንስሳት የሰፈሩበት ድንጋይ ነው። በርሊን ውስጥ የተስፋፋው ስልት ይህን ድንጋይና ጠንካራ አረፋ ገፋፊን ዋና ምሰሶ ያደርጋል። ቃል በቃል «ሕያው ድንጋይ» ቢባል የአማርኛ አንባቢ አሳብ ወደ አንደኛው የጴጥሮስ መልእክት ይሄዳል። ድንጋዩ ራሱም ሕያው አይደለም፤ ተግባሩ አዲሱን ገንዳ መዝራት ነው። ቀድሞ ከተቦካው ተርፎ አዲሱን ሊጥ የሚያስነሣው እርሾ ነውና «የእርሾ ድንጋይ» ይባል።

እርሾው ሥራውን እስኪጨርስ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ዓሣ የሚገባው አሞኒያና ናይትራይት ከውሃው ከጠፉ በኋላ ነው፤ ናይትሬት በዚህ ጊዜ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ተርጓሚ ሁለቱንም «ናይትሬት» ብሎ ስለጻፈ መመሪያው በአንድ ገጽ «ፈጽሞ መጥፋት አለበት»፣ በሚቀጥለው «ቢገኝ አያሰጋም» የሚል ሆነ። አንባቢው ሁለተኛውን ቢያምን ዓሣው በናይትራይት ይመረዛል። ስለዚህ የኬሚካል ስሞች ሲጻፉ የፊደል ወጥነት ቸል የሚባል አይደለም።

6. ጨውና ውሃ

በአንድ ኪሎግራም የውቅያኖስ ውሃ ውስጥ ወደ 35 ግራም ገደማ ጨው ይገኛል፤ የቀይ ባሕር ከዚህ ከፍ ብሎ ወደ 40 ይጠጋል። ይህ ግን የገበታ ጨው ብቻ አይደለም፤ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም አሉበት። ስለዚህ ዱቄቱ «ጨው» ወይም «የባሕር ጨው» ሳይሆን «የባሕር ጨው ቅይጥ» ይባል። መጠኑ የሚታወቀው በአንጻራዊ እፍግታ መለኪያ ሲሆን፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ 1.025 ወይም 1.026 ገደማ ሊሆን ይገባል።

ውሃ ሲተን ጨው ወደ ኋላ ይቀራል። የተነነውን መተካት ያለበት ጨው የሌለው ንጥር ውሃ ነው፤ ያረጀው ውሃ በከፊል ተቀድቶ ሲወጣ ግን የሚተካው ቅይጡ የሟሟበት ውሃ ነው። ሁለቱንም «ውሃ መጨመር» ያለ ተርጓሚ ገንዳውን ቀስ በቀስ ከልክ በላይ ያጨዋል። የመጀመሪያው «ጎዶሎ መሙላት»፣ ሁለተኛው «ውሃ መለወጥ» ቢባሉ ስሕተቱ ይወገዳል።

7. ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው አብዛኞቹ ቃላት አዲስ የተፈጠሩ አይደሉም፤ ከጓዳ፣ ከእርሻና ከከብት ማጠጫ የተወሰዱ ናቸው። የጎደለው ቃል ሳይሆን ልየታ ነበር። ተርጓሚ ለአንድ ባዕድ ቃል አቻ ከመፈለጉ በፊት መሣሪያው ምን እንደሚያስገባ፣ ምን እንደሚያስወጣ፣ ምን እንደሚለውጥ ይጠይቅ። ለአስተያየት የቀረቡት ስያሜዎች የሚከተሉት ናቸው፦

የኮራል ገንዳ — ኮራል የሚኖርበት የጨዋማ ውሃ ገንዳ
ካብ — ኮራሎች የሚያቆሙት የባሕር ውስጥ ግንብ
ማጥለያ — ጥራጊን የሚያስቀር ስፖንጅ ወይም ጨርቅ
አረፋ ገፋፊ — የሟሙ ቁሶችን በአረፋ የሚያስወግድ መሣሪያ
ንጥር ውሃ — የሟሙ ጨዎች የወጡለት ውሃ
ማብላላት — የአሞኒያ በባክቴሪያ መለወጥ (ለውይይት)
የእርሾ ድንጋይ — ባክቴሪያ የሰፈረበት የባሕር ድንጋይ
የባሕር ጨው ቅይጥ — የባሕር ውሃ የሚዘጋጅበት ዱቄት
ጎዶሎ መሙላት — የተነነውን በንጥር ውሃ መተካት
ውሃ መለወጥ — ያረጀውን በአዲስ ጨዋማ ውሃ መተካት