ግሪን ሃውስ ወይስ የውሃ በርሜል?

ዓመቱን ሙሉ ከጓሮው አትክልት ለቅሞ መብላት የማይወድ ሰው የለም። በተለይም በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ወጣት ሠራተኛ ነገሩ የምኞት ብቻ ሳይሆን የኪስም ጉዳይ ነው። ቲማቲም አንድ ሰሞን ይረክሳል፤ ሌላ ሰሞን ደግሞ ዋጋው ተሰቅሎ ለወጥ ማጣፈጫ እንኳ ይቸግራል። የሁዳዴ ጾምም የሚውለው የጓሮው ጎመን በሚጠወልግበት በደረቁ ወራት ነው።

ስለዚህ ዕቁብ የደረሰው አንድ የሁሩታ ወጣት «በግቢዬ ግሪን ሃውስ ልሥራን?» ብሎ ቢጠይቅ አያስደንቅም። ምሳሌውም ሩቅ አይደለም። ወደ ባቱ፣ በቀድሞ ስሟ ወደ ዝዋይ፣ የወረደ ሰው በሐይቁ አጠገብ ጽጌረዳ የሚመረትባቸውን ሰፋፊ የላስቲክ ቤቶች ያያል። ይሁን እንጂ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ይህ ዓይነቱ ቤት ለየትኛው ችግር መፍትሔ ሆኖ እንደ መጣ መመርመር ይገባል።

ቤቱ ከወዴት መጣ?

ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደ ተረከው፣ ንጉሠ ነገሥት ጢባርዮስ ኪያር ሳይበላ የሚውልበት ቀን አልነበረም። ስለዚህ አትክልተኞቹ መደቡን በመንኰራኵር ላይ አድርገው ወደ ፀሐይ ይገፉት፣ በብርዱም ወራት ብርሃን በሚያሳልፍ ድንጋይ ይሸፍኑት ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ መስታወት የድንጋዩን ቦታ ያዘ። መስታወት ግን ውድ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ኤሜሪ ኤመርት ለመስታወት የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበራቸው የእንጨት ማገር ሠርተው በሴሎፋን ሸፈኑት። ዛሬ በየአገሩ የምናየው የላስቲክ ቤት መነሻው ይኸው የቁጠባ ሐሳብ ነው።

እንግዲህ የሁሉም ጠላት ብርድና የብርሃን ማነስ እንደ ነበረ ልብ እንበል። በሆላንድ አገር በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትታየው ከ8 ሰዓት ላነሰ ጊዜ ነው። ሁሩታ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ፣ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ነው። ፀሐይ አልጎደለችብንም።

የእኛ ጠላቶች

የጓሮ አትክልታችን ጠላቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የበጋው ድርቀት ነው። ሁለተኛው የክረምቱ ዝናብ ነው፤ ቅጠል ለብዙ ሰዓት ረጥቦ ሲቆይ የቲማቲምና የድንች ቅጠል የሚያጠቁረው የሻጋታ በሽታ ይነሣል። ሦስተኛው በኅዳርና በጥር መካከል ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት ሌሊት የሚጥለው ውርጭ ነው። ሁሩታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ስለ ሆነች ከአዳማ ይልቅ ትቀዘቅዛለች።

የተዘጋ ላስቲክ ቤት ከእነዚህ የትኛውን ይመክታል? ዝናቡን ይከለክላል። ውርጩን ግን እጅግም አይመልስም፤ ተራ ስስ ላስቲክ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት በሌሊት ያሳልፋልና። ቀን ደግሞ መስኮት ካልተበጀለት እንደ ምድጃ ይግላል፤ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ የቲማቲም አበባ ፍሬ ሳይይዝ ይረግፋል። ነፋሱም አለ። በአዳማ ዳር የቆሙት የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሽከርካሪዎች በአካባቢያችን ምን ያህል ነፋስ እንዳለ ይመሰክራሉ፤ በደንብ ያልተወጠረ ላስቲክ በአንድ ሌሊት ሊቀደድ ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ውሃው ነው። ጣሪያ ያለው መደብ ዝናብ ስለማያገኝ በክረምትም ቢሆን በእጅ መጠጣት አለበት። ስለዚህ ውሃ የሌለው ሰው ግሪን ሃውስ ቢሠራ ችግሩን በላስቲክ ሸፈነው እንጂ አላቃለለውም።

ጥቂት ሒሳብ

አትክልት የተተከለበት መደብ በበጋ በካሬ ሜትር በቀን 5 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል እንበል። 10 ካሬ ሜትር ለሆነ መደብ 50 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ተኩል ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ በየቀኑ ያስፈልጋል። በ150 ቀን 7,500 ሊትር ይሆናል። ይህን ከሩቅ ተሸክሞ ማምጣት አይሞከርም።

አሁን ቆርቆሮውን እንመልከት። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። በክረምቱ 500 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ 40 ካሬ ሜትር ከሆነ ጣሪያ 20,000 ሊትር ይወርዳል፤ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 16,000 ሊትር ይቀራል። ውሃው አላነሰም፤ ያነሰው ማጠራቀሚያው ነው። 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ 4 ካሬ ሜትር የሆነውን የጎመንና የቆስጣ መደብ በቀን አንድ ጀሪካን እያጠጣ 100 ቀን ያቆያል። በአርሲ የማይታጣው የስንዴ ገለባ በመደቡ ላይ ቢነሰነስ አፈሩ ቶሎ ስለማይደርቅ ከዚያም በላይ ይዘልቃል።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ተራውን ጠብቆ መሄድ ይሻላል። በመጀመሪያ አሸንዳና የውሃ ማጠራቀሚያ ይበጅ። ቀጥሎ ለቲማቲሙ የባሕር ዛፍ አጣና ተክሎ፣ ከላይ ብቻ ላስቲክ ወጥሮ፣ ጎኑን ለነፋስ ክፍት መተው ነው፤ ይህ ቅጠሉን ከዝናብ ያድናል፣ ሙቀትም አያፍንም። ውርጭ በሚያሠጋበት ሌሊት ችግኙን በገለባ ወይም በአሮጌ ጆንያ ሸፍኖ ጧት መግለጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጎመን ግን ብርዱን ስለሚችል ቤት አያሻውም።

ለገበያ ችግኝ ወይም ቲማቲም ሊያመርት ያሰበ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። እርሱ የተሟላ ቤት ቢሠራ ገንዘቡን ሊመልስ ይችላል፤ ቢሆንም ላስቲኩ ፀሐይ እየበላው በጥቂት ዓመት የሚለወጥ መሆኑን ከወጪው ጋር ይደምር። በአዋሽ መልካሳ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል አትክልትን የሚመረምር ስለ ሆነ፣ ስለ ዘሩ ዓይነት አስቀድሞ መጠየቅ አይከፋም።

ለራሱ ቤት ድስት ብቻ ለሚያስብ ወጣት ግን አንድ ደብተርና አንድ ትንሽ መደብ ይበቁታል። ያጠጣውን ውሃ፣ ያወጣውን ብርና የለቀመውን አትክልት አንድ ዓመት ይጻፍ። የሚቀጥለው ዕቁብ ሲደርሰው ላስቲክ መግዛት እንዳለበትና እንደሌለበት ደብተሩ ይነግረዋል።