መንጋፍ፣ ትራክተርና መጭመቂያ፦ መሣሪያ ገለልተኛ ነውን?

«ቢላ ምን አጠፋ? ጥፋቱ የያዘው ሰው ነው» ይባላል። ስለ ቴክኖሎጂም ብዙዎች ይህንኑ ይላሉ። ነገሩን ዕጣንና ሰሊጥ ወደሚመረትባት መተማ ወርደን በሦስት መሣሪያዎች እንፈትነው።

የመጀመሪያው መንጋፍ ነው፤ የዕጣን ዛፍ ቅርፊት የሚላጥበት ትንሽ ስለት። በበጋ ቅርፊቱ በስሱ ይላጣል፤ የሚወጣው ሙጫ ቁስሉ ላይ ከደረቀ በኋላ ይለቀማል፤ ቁስሉም እየሰፋ በየጊዜው ይታደሳል። ዛፉ ካልቆመ መንጋፍ ሥራ የለውም። ይሁን እንጂ አምራቹ ገቢው በኪሎ ከሆነ ቁስል ማብዛት ያጓጓዋል፤ ከልክ በላይ የቆሰለ ዛፍ ደግሞ ይደክማል፤ የሚበቅል ዘሩም ያንሳል።

ሁለተኛው የሰሊጥ እርሻው ትራክተር ነው። የበሬ ማረሻ ግንዱን ዞሮ ያልፋል፤ ትራክተር ግን በዛፎች መካከል እንደ ልቡ መዞር አይችልም። ስለዚህ ሾፌሩ የቱንም ያህል ዛፍ ወዳድ ቢሆን ከእርሻው በፊት ምንጣሮ አለ። ሰሊጥ ሲደርቅ ማቀፊያው ተከፍቶ ፍሬው ስለሚረግፍ አጨዳው በአብዛኛው በእጅ ነው። ማሽኑ በቀናት ያረሰውን ለማጨድ «ሳሉግ» የሚባሉት የቀን ሠራተኞች ይጎርፋሉ፤ ማገዶና የዳስ እንጨትም ከአካባቢው ጫካ ይመጣል።

ወደ ዕጣኑ ዛፍ ስንመለስ፣ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን የዕጣን ደኖች ላይ ተጠንቶ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ በአብዛኞቹ ደኖች ለአሥርት ዓመታት ተተኪ ችግኝ እንዳላደገና ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል። እሳት፣ የከብት ግጦሽና ያለ ልክ መላጥ ከምክንያቶቹ ውስጥ ናቸው።

ሦስተኛው የዘይት መጭመቂያ ነው። ከመሬት የወጣው ወደ መሬት የሚመለስበት፣ «ዑደታዊ» የሚባለው ኢኮኖሚ እዚህ ላይ ይታያል። ሰሊጥ ሲጨመቅ ፋጉሎ ይተርፋል፤ ፋጉሎው ከብት ያደልባል፤ ፍጉ ማሳውን ያለማል። የአገራችን ሰሊጥ ግን በአብዛኛው ሳይጨመቅ ወደ ቻይና፣ ወደ እስራኤልና ወደ ሌሎች አገሮች ይጫናል። መጭመቂያው የትም ቢተከል ያው ነው፤ ፋጉሎው የሚቀረው ግን በተተከለበት አገር ነው።

እንግዲህ የቢላው አባባል ግማሽ እውነት ነው። መንጋፍን ጎጂ የሚያደርገው የክፍያው ሥርዓት፣ መጭመቂያን ጠቃሚ የሚያደርገው የተተከለበት ቦታ ነው። ትራክተር ግን ገና ሲገዛ የተመነጠረ መሬት ይጠይቃል። ለትራክተር ብድር የሚፈቅድ ሁሉ የፈረስ ጉልበቱን ከመጠየቁ በፊት ስንት ዛፍ እንደሚነቀልለት ይጠይቅ።