የቀይ ሽብር ሰለባዎች ፎቶግራፎች

በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ የሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን፣ ደርግ በተለይ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ያስገደላቸውን ሰዎች ይዘክራል። ከሙዚየሙ ቅርሶች ዋነኞቹ ግድግዳውን የሞሉት የሟቾች ፎቶግራፎች ናቸው።

አብዛኞቹ ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶግራፎች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ የወጣቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለቤተሰብ ማስታወሻ የሚነሱት እንጂ ለሙዚየም ታስቦ የሚነሱት አይደለም። በካምቦዲያው ቱዎል ስሌንግ የሚታዩትን የእስረኞች ፎቶግራፎች ግን ያነሷቸው አሳሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። በአገራችንም የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ ጨምሮ ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀሩት የግድያ ምስሎች በአብዛኛው በወራሪዎቹ ካሜራ የተነሱ ናቸው። ለወንጀሉ ማስረጃ ሆነዋል፤ የሟቾቹ ስም ግን እምብዛም አይታወቅም።

በኢትዮጵያ ልማድ ለቀስተኛ የሟችን ፎቶግራፍ ይዞ ያለቅሳል። በቀይ ሽብር ጊዜ ግን ሬሳ መንገድ ላይ ይጣል፣ ቤተሰብም ለቅሶ እንዳይቀመጥ ይከለከል ነበር። ስለዚህ ፎቶግራፉ በአደባባይ መሰቀሉ የተከለከለውን ለቅሶ ዘግይቶም ቢሆን ይተካል ማለት ይቻላል። በዚያው ሙዚየም ከጅምላ መቃብር የወጡ አፅሞች በመስታወት ውስጥ ተቀምጠዋል። አፅም አገዳደልን ሊያሳይ ይችላል፤ መልክን ግን አያሳይም።

ፎቶግራፍ ሁሉንም ሰለባ እኩል አያስታውስም። የሚሰቀለው ፎቶ የተነሳና ፎቶውን ጠብቆ ያቆየለት ዘመድ ያለው ሰው ነው። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ በሐውዜን ገበያ ላይ በአየር ድብደባ ካለቁት መካከል በሕይወቱ ፎቶ ቤት ያልገባ ገበሬ ብዙ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ሌሎች ባለሥልጣናት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ የተባሉት በዘር ማጥፋት ወንጀል ነው። ሟቾቹ የተገደሉት በዘራቸው ሳይሆን በፖለቲካ አቋማቸው ስለነበር ስያሜው ተማሪዎችን ግራ ያጋባል። ምክንያቱ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ነው፤ ይህ አንቀጽ ከተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በተለየ የፖለቲካ ቡድኖችንም ይጨምራል።