የጫት ጭነትና የካርቡራተር ሒሳብ በጭሮ

ጫት ከተቆረጠ በኋላ ትኩስነቱ ከሁለት ቀን ብዙም አያልፍም። በጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ዙሪያ ጭነቱን ከገጠር ወደ አስፋልት የሚያወጣ ሞተር ሳይክል ዳገት ላይ ሲያስነጥስ ጉዳቱ የሚታየው ገበያው ላይ ነው፤ የጠወለገ ጫት የትኩሱን ዋጋ አያወጣም። ጋራዥ ወረፋ መጠበቅ ለማይችል ባለሞተር ካርቡራተሩን ቤቱ ማጽዳት መቻል ትርፍና ኪሳራን ይለያል።

የብልሽቱ ዋና ምንጭ ቤንዚኑ ነው። ማደያ ሲደርቅ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚቸረቸረው ቤንዚን ውሃና ቆሻሻ ካለው ደቃቁን የነዳጅ ቀዳዳ ይደፍናል። ነዳጁን ዘግቶ፣ የካርቡራተሩን የታች ክዳን በካቻቢቴ ፈትቶ፣ ቀዳዳውን በንጹህ ቤንዚንና በአየር ግፊት ማጽዳት ይበቃል። በሽቦ መጎርጎር ግን ኪሳራ ነው፤ ነሐሱ ለስላሳ በመሆኑ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ሞተሩም ያለ ልክ ይጠጣል። የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሳት በመጀመሩ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

ሚኒሞ የሚስተካከለው ሞተሩ ሲሞቅ ነው። ውጤቱን ካንዴላው ይመሰክራል፤ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ ነጭ ማነሱን፣ ቡናማ ልክ መሆኑን ያሳያል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ከፍታን ነው። 1,000 ሜትር ሲወጣ አየሩ 10 በመቶ ገደማ ይሳሳል። በሚኤሶ ቆላ የተስተካከለ ሞተር በጨርጨር ደጋ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ደጋ ላይ ቤንዚን የተቀነሰለት ደግሞ ቆላ ሲወርድ ይግላል፣ ፒስተኑንም ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ከደጋ ቆላ የሚመላለስ ሰው ደጋ ላይ ጥቂት ቤንዚን ቢባክንበት ይሻለዋል።