አንድ ሳህን ውኃና ሃምሳ ፍሬ ቡና

«በመሥራት መማር» ሲባል ብዙ ወላጅ የሚታየው ጓሮ ወርዶ አፈር የሚነካ ልጅ ነው። መንካት ብቻውን ግን ትምህርት አይሆንም። ቢሆን ኖሮ በቡና ለቀማ ወቅት ከክፍል የሚቀሩ የጌዴኦ ልጆች ከጓደኞቻቸው ቀድመው በተገኙ ነበር። ታዲያ እንዴት ይሠራል? አንድ ሳህን ውኃ ያሳየናል።

ኮንጋ ይርጋጨፌ ወረዳ ውስጥ ያለች፣ ስሟ በቡናዋ ባሕር የተሻገረ ቀበሌ ናት። የኮንጋ ልጅ ቀይ እሸትን ከአረንጓዴው የሚለየው ገና ፊደል ሳይቆጥር ነው። እንግዲህ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ከየጓሯቸው ሃምሳ ፍሬ ይዘው መጡ እንበል። መምህሯ ፍሬውን ውኃው ውስጥ ከመጨመሯ በፊት «የትኛው የሚሰምጥ ይመስላችኋል?» ትላለች። ሁሉም ግምቱን ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ይህችን ነገር ፈጽሞ መዝለል አይገባም። ያልገመተ ልጅ የሚያየው ውኃና ቡና ነው፤ የገመተው ግን ውርርድ ገብቷል።

አብዛኛው «ትልልቁ ይሰምጣል» ብሎ ይጽፋል። ፍሬው ይጨመራል። አንድ ወፍራም ፍሬ ላይ ላዩን ይዋኛል፤ ትንሿ፣ ጠንካራዋ፣ ወርዳ ከሳህኑ ሥር ታርፋለች። ጫጫታ ይነሣል። ወፍራሙ ሲሰነጠቅ ተባይ በልቶት ውስጡ አየር ሆኗል። «እፍግታ» የሚለው ቃል የሚመጣው አሁን ነው፤ ቃሉ ሲመጣ ልጁ ነገሩን ቀድሞ ይዞታል። መጀመሪያ በጌዴኦኛ ቢከራከሩ ደግሞ ይበልጥ ይገባቸዋል፤ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን የፈቀደው በከንቱ አይደለም።

ሳህኑ ሒሳብም ያስተምራል። ከሃምሳው ስድስት ከተንሳፈፈ 12 በመቶ ነው። ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚሠራ አባት ማታ ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ እዚያም ተንሳፋፊው ይለቀምና ለብቻው ይሄዳል።

ሰባተኛ ክፍል ሲደርሱ ያው ቡና ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ተፈልፍሎ ገንዳ ውስጥ የተቀመጠ ቡና የሚያሙለጨልጨውን ሽፋን የሚያወልቀው ማን ነው? ዓይን የማያያቸው ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ሥራቸው ይዘገያል፤ ስለዚህ የጣቢያው ሠራተኛ ከሰዓቱ ይልቅ መዳፉን ያምናል፤ ፍሬውን አሽቶ ሲሻክረው «በቃ» ይላል። የእናቱን የቆጮ ጉድጓድ የሚያውቅ ልጅ ቀሪውን ራሱ ያገናኛል።

አሜሪካዊው የትምህርት ፈላስፋ ጆን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1896 ቺካጎ ላይ በከፈተው ትምህርት ቤት ልጆችን ምግብ በማብሰልና እንጨት በመሥራት ሳይንስ ያስተምር ነበር። የጌዴኦ ልጅ ግን ወጥ ቤት መገንባት አያስፈልገውም፤ ዛፍ፣ እንሰትና ቡና ተደራርበው የሚበቅሉበት ጓሮው በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው መልክዓ ምድር አካል ነው። ክፉው ነገር ብዙ ትምህርት ቤት ይህን ጓሮ በመስኮት እያየ በጥቁር ሰሌዳ ላይ መሳሉ ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁ እሸት ቡና ባታገኙ እንቁላል ይሠራል። ትኩሱ ይሰምጣል፤ የቆየው ውስጡ አየር ስለሚበዛ ይንሳፈፋል። ልጃችሁን ጥሩና ሁለቱን አሳዩት። ውኃው ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ግን አስገምቱት።