በአዝራር ስለሚነሣው አውቶሞቢል

የካዲላክ ፋብሪካ በ1912 (እ. አ. አ.) የኤሌክትሪክ ሞተሪኖ በመኪናዎቹ ላይ ካገባ ወዲህ ማኖቬላ በእጅ መዘወር ቀስ በቀስ ቀረ፤ ሾፌሩም የሞተሩን ጩኸት በመስማት መኪናው መነሣቱን ያውቅ ነበር። በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሠራው፥ ሃይብሪድ የተባለው አውቶሞቢል ግን ይህን ልማድ ሽሮታል። ቶዮታ በ2003 ካወጣው ከሁለተኛው ፕሪየስ ጀምሮ አዝራሩ ሲጫኑት ብዙ ጊዜ ምንም ድምፅ አይሰማም።

አዝራሩ ፈቃድ ይጠይቃል እንጂ ሞተሩን በቀጥታ አያስነሣም። ሾፌሩ ፍሬኑን ረግጦ ሲጫነው መኪናው ደካማ የራዲዮ ሞገድ ይልካል፤ በኪስ ያለው ቁልፍም ምሥጢራዊ ቁጥሩን ይመልሳል። ቁጥሩ ትክክል ከሆነ፥ በትንሹ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራው ኮምፒዩተር 200 ቮልት ያህል ኃይል ያለውን ትልቁን ባትሪ ያገናኛል። ይኸውም በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ኃይሉ በድንገት ገብቶ ዕቃውን እንዳያቃጥል አስቀድሞ በሚገታው መስመር በኩል ጥቂት በጥቂት ያሳልፍና ከዚያ በኋላ ዋናውን መስመር ይከፍታል። በመጨረሻም «ሬዲ»፥ ማለት «ዝግጁ»፥ የሚል መብራት ይበራል። ፍሬኑን ሳይረግጥ የተጫነ ሰው ግን ራዲዮንና መብራቶችን ብቻ ያገኛል፤ መኪናው አይሄድም።

ስለዚህ ትልቁ ባትሪ ደኅና ሆኖ ሳለ ትንሹ ከሞተ መኪናው አይነሣም። አሮጌ መኪና የሚገዛ ነጋዴ ይህን ቢያውቅ ውድ የሆነውን ባትሪ በከንቱ ከመለወጥ ይድናል።

ከዚህ የሚከፋው መኪናው ጠፍቷል ብሎ ትቶት መሄድ ነው። በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 7 ቢስ የሚኖር ባለመኪናን እንውሰድ። («ቢስ» የሚለው ፈረንሳይኛ ቁጥር መደገሙን ያመለክታል እንጂ፥ አማርኛ ተናጋሪ እንደሚመስለው ገደ ቢስነትን አይደለም።) በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ማቀዝቀዣው ከትልቁ ባትሪ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ባትሪው ሲወርድ «ሬዲ» ላይ የተተወው መኪና የቤንዚን ሞተሩን ማንም ሳይነካው ያስነሣል። ይህ በዝግ ጋራዥ ውስጥ ቢሆን የሚወጣው ጢስ ሽታ በሌለው መርዝ፥ በካርቦን ሞኖክሳይድ፥ የቤቱን ሰዎች ይገድላል። በአሜሪካ በአዝራር የሚነሡ መኪናዎች ሳይጠፉ በጋራዥ እየቀሩ ሰዎች ሞተዋል።

በመንገድም ቢሆን በኤሌክትሪክ ብቻ ቀስ ብሎ የሚሄደውን መኪና እግረኛ፥ ይልቁንም ዓይነ ስውር፥ አይሰማውም። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2021 (እ. አ. አ.) ጀምሮ አዲስ ሃይብሪድ ሁሉ በዝግታ ሲሄድ ድምፅ እንዲያሰማ አዟል፤ ቀድመው የተሠሩት ብዙዎቹ ግን እንደ ዝምታቸው ናቸው። ሾፌሩ ከመውረዱ በፊት ማርሹን «ፒ» ላይ አድርጎ፥ አዝራሩን ተጭኖ፥ «ሬዲ» የሚለው መብራት መጥፋቱን በዓይኑ ማየት ይገባዋል።