ገንዘብ ሳይታተም ሲበዛ

ብሔራዊ ባንክ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የመስከረም 2013 የብር ኖት ቅያሬ ነው። ባለ 10፣ ባለ 50ና ባለ 100 ብር ኖቶች በአዲስ ተተኩ፤ ባለ 200 ብር ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ፤ ባለ 5ቷ ብቻ እንደነበረች ቀረች። ለቅያሬው የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር።

የኑሮን ውድነት የሚያባብሰው ግን ሌላ ነገር ነው፤ በገበያው የሚዘዋወረው የገንዘብ መጠን። እሱ ደግሞ አንድም ኖት ሳይታተም ሊበዛ ይችላል።

መንግሥት ወጪው ከገቢው ሲበልጥበት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ተበደረ እንበል። ባንኩ በመንግሥት ሒሳብ ላይ ቁጥር ይጨምራል። ከዚያ ሒሳብ ለመንገድ ተቋራጩ ይከፈለዋል፤ ተቋራጩ ሲሚንቶ ይገዛል፣ ደመወዝ ይከፍላል፤ ሠራተኛው ጤፍና ዘይት ሊሸምት ገበያ ይወጣል። ሲሚንቶውም ጤፉም ትናንት የነበረውን ያህል ነው፤ የጨመረው ብሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋጋ ይወጣል። ደመወዙ ያልተነካለት አስተማሪና ጡረተኛ ማንም ያላወጀውን ግብር ከኪሳቸው ከፈሉ ማለት ነው። በግንቦት 2014 ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት፣ ድርቁና የዓለም ገበያም እጃቸው ነበረበት፤ መንግሥት ከባንኩ በቀጥታ የሚወስደው ብድር ግን በአገር ውስጥ ውሳኔ ሊቆም የሚችል ነበር።

የበዛውን ገንዘብ መሰብሰብ ከማብዛቱ ይከብዳል። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ገደበ። እንዲህ ያለ ገደብ ይሠራል፤ ነገር ግን ጥሩ ሥራ የያዘውን ተበዳሪም ከሌላው ሳይለይ በሩ ላይ ይመልሰዋል። በሐምሌ 2016 ደግሞ 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ወጣ። ባንኮች ትርፍ ገንዘብ ሲይዙ ብሔራዊ ባንክ በዚህ ወለድ ዙሪያ ይሰበስብላቸዋል፤ ሲያጥራቸው ያበድራቸዋል። ወለድ ሲወደድ ተበዳሪ ያመነታል፣ የብሩም ፍሰት ይቀንሳል።

በዚያው ወር በ22 ሌላ እርምጃ ተከተለ፤ የብር የምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ። በደርግ ዘመን ሁሉ 2 ብር ከ7 ሳንቲም የነበረው ዶላር፣ ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ።

በ2017 የጸደቀው አዲሱ የብሔራዊ ባንክ አዋጅ መንግሥት ከባንኩ በቀጥታ የሚበደረውን ገንዘብ ገድቧል። ከሁሉም እርምጃ ትልቁ ይህ ነው። ችግር ሲመጣ ገደቡ እንዳይጣስ፣ ዜጋው የዶላርን ዋጋ በየቀኑ እንደሚጠይቅ ሁሉ «መንግሥት ዘንድሮ ከብሔራዊ ባንክ ስንት ተበደረ?» ብሎም ይጠይቅ።